የሲንሲናቲ አይሁድ ስደተኞች፦ ሕግ ያልዘጋውን በር ማን ዘጋው?

የከዚራ መምህር (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ኢንዱስትሪ ዘመንና ስለ ስደት የሚናገረውን ምዕራፍ በአንድ ከተማ ታሪክ ላሳይ ብዬ የመረጥኩት በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችውን ሲንሲናቲን ነው። ኒው ዮርክን ያልመረጥኩት ታሪኳ ብዙ ስለተወራለትና ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው። ሲንሲናቲ ግን በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ከ115 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበራት፣ በእንፋሎት ጀልባና በቦይ ንግድ ያደገች፣ በአሳማ እርድ ብዛት «የአሳማ ከተማ» የሚል ቅጽል የወጣላት፣ ሳሙናና ሻማ ሠሪዎችዋ ሳይቀሩ ከቄራው በሚወጣ ስብ የበለጸጉባት ከተማ ነበረች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት በእኛ አገር ይህን ስናገር ክፍሉ በሳቅ መሞላቱ አልቀረም፤ ነገር ግን በዚያች ከተማ ለመኖር የመጣ አይሁዳዊ ምን ዓይነት ሽታ እንደተቀበለው ለመገመት ረድቷቸዋል።

ለክፍል ያቀረብኩት ታሪክ የሚጀምረው ከእንግሊዝ ፕሊመዝ በመጣው ሰዓት ሠሪ በጆሴፍ ጆናስ ነው። ጆናስ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲንሲናቲ ሲደርስ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ነዋሪ እርሱ ነበር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንዲት የኩዌከር እምነት (የፕሮቴስታንት ወገን) ተከታይ አሮጊት አይሁዳዊ መኖሩን ሰምተው ከሩቅ ሊያዩት መጡ፤ የእግዚአብሔር ምርጥ ሕዝብ መሆኑን ከነገሩት በኋላ ዞር ዞር እንዲል ጠየቁትና ከሌላው ሰው የተለየ ነገር እንደሌለው ሲያዩ ግራ ተጋቡ ይባላል። ጆናስና ከእርሱ በኋላ የመጡ ጥቂት አይሁድ በ1821 ለመቃብር የሚሆን ቁራሽ መሬት ገዙ፣ በ1824 ማኅበረ ምእመናን አቋቋሙ፣ በ1836 ደግሞ ምኩራባቸውን መረቁ። ጆናስ ራሱ እንደጻፈው ለምኩራቡ ግንባታ 52 ክርስቲያን የከተማዋ ሰዎች እያንዳንዳቸው 25 ዶላር ሰጥተዋል።

ጥያቄዬን ያስነሳው አንድ ተማሪ የተናገረው ነው። ተማሪዎቼ የሚኖሩት በ1902 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ በተቆረቆረች ከተማ ነው፤ የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የየመን ነጋዴዎችን ወሬ ከአያቶቻቸው እየሰሙ አድገዋል። እናም ልጁ ተነሥቶ «መጥተው ነገዱ፣ ከበሩ፣ ሕጉ አልከለከላቸውም፣ ማንም አልገደላቸውም፤ ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው?» አለ። ጭፍን ጥላቻ እንደነበረ ከየመጽሐፉ አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን በ1836 ገንዘብ አዋጥታ ምኩራብ ያሠራች ከተማ ውስጥ ያ ጥላቻ በየትኛው መንገድ ይሠራ እንደነበር አስረድቼ ማሳመን አልቻልኩም። በዚህ ረገድ ያነበባችሁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የጀጎል አንባቢ (ሐረር)

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። መልሱ ያለው በዱቤ መዝገብ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማስረዳት ግን ሰዎቹ ከየት እንደመጡና እንጀራቸውን በምን እንዳገኙ ማስቀደም ያስፈልጋል።

ከጆናስና ከጥቂት እንግሊዛውያን በኋላ ወደ ሲንሲናቲ የጎረፉት አይሁድ አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ ከባቫሪያ የመጡት ብዙ ነበሩ። በባቫሪያ በ1813 የወጣ ድንጋጌ በእያንዳንዱ ከተማና መንደር ሊኖሩ የሚችሉትን የአይሁድ ቤተሰቦች ቁጥር በመዝገብ ወስኖ ነበር፤ የታላቅ ወንድሙ ስም ከሰፈረ ለታናሹ ቦታ ስለማይኖር ታናሹ ማግባትም ሆነ በራሱ ስም ንግድ መክፈት አይችልም ነበር። ይህ መዝገብ የተሻረው በ1861 ነው። እንግዲህ ወደ አሜሪካ የተሰደደው አብዛኛው ሰው ወንድ፣ ወጣት፣ ያላገባና ባዶ እጁን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በመላው አገሪቱ በ1840 ወደ 15 ሺህ ይገመቱ የነበሩት አይሁድ በ1860 ወደ 150 ሺህ ደረሱ።

ወጣቱ ሲንሲናቲ ሲደርስ ከእርሱ በፊት የመጣ ዘመድ ወይም ያገሩ ልጅ ከሆነ ጅምላ ነጋዴ ዕቃ በዱቤ ይወስዳል። መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ ጥብጣብ፣ መነጽር፣ የራስ ሻሽ፣ የተቆረጠ ጨርቅ በአንድ ትልቅ ጥቅል አስሮ በጀርባው ያዝላል፤ ክብደቱ ከ50 ኪሎ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። የእኛ ሱቅ በደረቴ በከተማ መንገድ ላይ የሚሠራውን እርሱ በኦሃዮ፣ በኢንዲያናና በኬንተኪ የገጠር መንገድ ላይ ይሠራው ነበር። ጀርመንኛ የሚናገሩ ገበሬዎች ባሉበት ቋንቋው መግቢያ ይሆንለታል፤ በሌላው ዘንድ የሚናገረው የዕቃ ስምና የዋጋ ቁጥር ብቻ ነው። ማታ የገበሬው ሚስት ማደሪያ ብትሰጠውም ከማዕድዋ ላይ የአሳማው ሥጋ ስለማይጠፋ ሃይማኖቱን የሚጠብቀው ሰው በዳቦና በእንቁላል ያድራል። በ1854 ወደ ሲንሲናቲ የመጣው ታዋቂው ረቢ አይዛክ ማየር ዋይዝ የእነዚህን ዟሪ ነጋዴዎች ማዕርግ በቀልድ ዘርዝሮ ጽፏል፤ ቅርጫት ከሚይዘው ይጀምራል፣ ሣጥን ተሸካሚና ጥቅል ተሸካሚ ይከተላሉ፣ ከዚያ የጋሪ ባለቤቱ፣ ከዚያ ጌጣጌጥ ሻጩ፣ በመጨረሻም ሱቅ የከፈተው «መስፍን» ይመጣል። ቀልዱ እውነት አለው፤ ሁሉም ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ በመንገድ የተዘረፈም፣ ታሞ የቀረም አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው ዋናው። ሻጩ ከሲንሲናቲ ጅምላ ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ጅምላ ነጋዴው ደግሞ ከኒው ዮርክ አስመጪ በወራት የሚቆጠር ዱቤ ይወስዳል። ገበሬው ምርቱን ሲሸጥ ገንዘቡ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ለነጋዴ እስትንፋሱ ዱቤ ነው። የኒው ዮርኩ ሰው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን የሲንሲናቲ ባለሱቅ በምን ያውቀዋል? ይህን ችግር ሊፈታ በ1841 ሉዊስ ታፓን የተባለ ነጋዴ የነጋዴዎችን ታማኝነት እየመረመረ መረጃ የሚሸጥ ድርጅት በኒው ዮርክ ከፈተ። ታፓን ባርነትን አጥብቆ የሚቃወም፣ ለነጻነታቸው የተሟገቱትን የአሚስታድ መርከብ አፍሪካውያን ከረዱት ግንባር ቀደሞች አንዱ የነበረ ሰው መሆኑን ተማሪዎችዎ ቢያውቁት መልካም ነው፤ ነገሩ በክፉ ሰው እጅ የተጀመረ አይደለምና።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በየከተማው ያለ ወኪል፣ ብዙ ጊዜ ጠበቃ፣ ስለ እያንዳንዱ ነጋዴ በየጊዜው ይጽፋል፤ ዕድሜው፣ ትዳሩ፣ ቤትና መሬቱ፣ መጠጥ ይወድ እንደሆነ፣ ዕዳውን በጊዜው ይከፍል እንደሆነ ሁሉ ይሰፍራል። ጸሐፊዎች ያንን በትልልቅ መዛግብት ይገለብጡታል። ደንበኛው ቢሮው ድረስ መጥቶ በምሥጢር ይሰማል፤ የተጻፈበት ነጋዴ ግን ስለራሱ የሰፈረውን አያይም፣ ሊያስተባብልም አይችልም። እነዚህ መዛግብት ዛሬ በሃርቫርድ ይገኛሉ፤ የታሪክ ተመራማሪዎችም መርምረዋቸዋል። ስለ ፕሮቴስታንቱ ባለሱቅ ሲጻፍ ሃይማኖቱ እንደ ቁም ነገር አይነሣም። የአይሁዳዊው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው መስመር ላይ «አይሁዳዊ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀጥሎም ጥንቃቄ እንዲደረግ ይመከራል። ለዓመታት ዕዳውን በጊዜው የከፈለ ሰው ቢሆን እንኳ «አይሁዳዊ ቢሆንም ታማኝ ነው» በሚል መንፈስ ይጻፍለታል፤ ማለትም ደግነቱ የእርሱ ብቻ ሆኖ ይቆጠራል፣ የሌላው ሰው ጥፋት ግን የእርሱም ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወኪሉ በጥላቻ ብቻ አልነበረም የሚጽፈው፤ አለማወቅም ነበረበት። የአይሁዳዊው ነጋዴ ሀብት በመሬት ሳይሆን በዕቃ ነበር፤ ካፒታሉ ከአጎት፣ ከአማችና ካገር ልጅ የተዋጣ ስለሆነ ከውጭ ለሚያይ ሰው ልኩ አይታወቅም። ወኪሉ ያላወቀውን በጥርጣሬ ሞላው። ከውጭ ዱቤ የተነፈገው ነጋዴ ደግሞ ወደ ዘመዶቹ የበለጠ ተጠጋ፤ በመጠጋቱም ለወኪሉ የበለጠ የማይታወቅ ሆነ፤ ያ አለመታወቅ በሚቀጥለው ዓመት መዝገብ ላይ ለጥርጣሬው ማስረጃ ሆኖ ተጻፈ። ለተማሪዎ «በደሉ እዚህ ላይ ነው» ብለው ሊያሳዩት የሚችሉት ይህን ዑደት ነው። በ1867 ደግሞ አንዳንድ የእሳት አደጋ መድን ኩባንያዎች የአይሁድን ንብረት ኢንሹራንስ እንዳይቀበሉ ለወኪሎቻቸው በስውር መመሪያ ሰጥተው ነበር፤ ምሥጢሩ ሲወጣ በተለያዩ ከተሞች ያሉ አይሁድ ነጋዴዎች ስብሰባ ጠርተው ተቃወሙ።

ሕግ አዋቂው (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

የጀጎሉ ወዳጃችን የጻፉትን በአድናቆት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን መምህሩ ይህን ብቻ ይዘው ወደ ክፍል ቢገቡ ሥዕሉ ይዛባል የሚል ስጋት አለኝ። ሕጉን አልፈን መሄድ የለብንም፤ ምክንያቱም በሲንሲናቲ ሕጉ ብዙ ጊዜ ለአይሁድ ቆሟል። ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ጋር ብናነጻጽር በሜሪላንድ አይሁዳዊ የመንግሥት ሹመት እንዲይዝ የተፈቀደው በ1826 ሲሆን፣ ያውም ከ1818 ጀምሮ ክርስቲያኑ ቶማስ ኬኔዲ ባደረገው የዓመታት ሙግት ነው። በሰሜን ካሮላይና እስከ 1868 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። በኦሃዮ እንዲህ ያለ እገዳ አልነበረም።

ሁለት ጉዳዮችን ልጥቀስ። የመጀመሪያው ስለ ሰንበት ነው። ቅዳሜን ያከበረ አይሁዳዊ እሑድም ሱቁን ከዘጋ በሳምንት ሁለት ቀን ገቢ ያጣል፤ የክርስቲያን ጎረቤቱ ግን አንድ ቀን ብቻ። በ1846 የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራይስ የተባለ ነጋዴ በእሑድ በመሸጡ ሲንሲናቲ ከተማ የጣለችበትን ቅጣት ሻረ፤ ምክንያቱም የከተማዋ ደንብ ሰባተኛውን ቀን በእምነት ለሚያከብሩ ሰዎች ምንም ልዩ ሁኔታ አላስቀመጠም ነበር። ሁለቱንም ሰንበት የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ባለችበት አገር ላደገ ተማሪ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ሁለተኛው በ1869 የተነሣው የመጽሐፍ ቅዱስ ክርክር ነው። የከተማዋ የትምህርት ቦርድ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስ መነበቡ እንዲቀር ወሰነ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ረቢ ማክስ ሊሊየንታል ከቦርዱ ጎን ቆሙ። የከተማዋ ፍርድ ቤት በ1870 ቦርዱን ቢረታም አልፎንሶ ታፍት የተባሉት ዳኛ በልዩነት ጻፉ፤ በ1873 የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለቦርዱ ፈረደ። ታፍት በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የዊልያም ታፍት አባት ናቸው።

ሌላው ሊረሳ የማይገባው በዚያች ከተማ የሰው ደም የፈሰሰው በማን ላይ እንደነበረ ነው። በ1829፣ በ1836 እና በ1841 በጥቁር ነዋሪዎች ላይ ሁከት ተነሥቷል፤ ከ1829ኙ በኋላ ብዙዎች ከተማዋን ለቀው ሲሄዱ ከፊሎቹ ወደ ካናዳ ተሻገሩ። የኦሃዮ ሕግም ከ1804 ጀምሮ ጥቁሮችን በግልጽ ይጨቁን ነበር። በ1855 ምርጫ ደግሞ ስደተኛን የሚጠሉ ሰዎች በጀርመኖች ሰፈር ላይ ዘምተው ጀርመኖች መንገድ ዘግተው ተከላክለዋል። አይሁዳዊው በዚህ ሁሉ መካከል ነጭ ተብሎ ይቆጠር፣ ይመርጥ፣ ይመረጥም ነበር። የደረሰበትን ሳናቀልል ልኩን እንናገር።

የመጋላው ልብስ ሰፊ ልጅ

አባቴ በመጋላ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ወደ ልብሱ ልመልሳችሁ፤ የሲንሲናቲ አይሁድ ሀብት ከልብስ ተለይቶ አይነገርምና። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ሲንሲናቲ ለምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የተሰፋ ልብስ ከሚያቀርቡት ከተሞች ዋነኛዋ ነበረች፤ ከልብስ አምራቾቹም አብዛኞቹ በጀርባቸው ጥቅል ተሸክመው የጀመሩ አይሁድ ነበሩ። ዛሬ በአእምሯችን እንደሚመጣው አንድ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። በነጋዴው ሕንጻ ውስጥ የሚሠራው ቆራጩ ነው፤ የተቆረጠው ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ታስሮ በየቤቱ ለሚሰፉ፣ ብዙ ጊዜ ጀርመናውያን ለሆኑ ሴቶችና ወንዶች ይሰጣል። ሱሪ ሲሆን ሱሪ፣ ሰደርያ ሲሆን ሰደርያ ሰፍተው ሲመልሱ በቁጥሩ ይከፈላቸዋል። የስፌት መኪና በ1850ዎቹ ሲስፋፋ ሥራው ፈጠነ፤ የአንዱ ልብስ ዋጋ ግን ወረደ። ስለ አይሁዳዊው ስደተኛ ስናዝን ለአይሁዳዊው ቀጣሪ ስለሚሰፋው ሌላው ስደተኛም ማሰብ ይገባል እላለሁ።

ጦርነቱ ሲነሣ የወታደር ልብስ ጨረታ ወደ ከተማዋ መጣ፤ ለሐሜትም ሰበብ ሆነ። የጨርቅ ጥራት ጉድለት በማንኛውም አቅራቢ ዘንድ ሲገኝ ጋዜጦች ስሙን በአይሁድ ላይ ይለጥፉት ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት በታኅሣሥ 17 ቀን 1862 ያወጡት አጠቃላይ ትእዛዝ ቁጥር 11 ነው። በእርሳቸው የጦር ቀጠና ውስጥ ያሉ አይሁድ ሁሉ «እንደ ወገን» የንግድ ደንብ ጥሰዋል ተብለው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲወጡ ታዘዘ። ያን ጊዜ ከደቡብ በኩል የጥጥ ሕገ ወጥ ንግድ ተጧጡፎ ነበር፤ የሚነግደውም ክርስቲያኑ፣ አይሁዳዊውና የጦር መኮንኑ ጭምር ነው።

የሲንሲናቲ ክር እዚህ ላይ ይገባል። ማክ የተባሉ የሲንሲናቲ ልብስ አምራች ወንድማማቾች ከጄኔራሉ አባት ከጄሲ ግራንት ጋር ውል ነበራቸው፤ አባትየው ከልጃቸው የጥጥ ንግድ ፈቃድ እንዲያስገኙላቸውና ከትርፉ ሩብ እንዲወስዱ ተስማምተው ነበር። ጄሲ ነጋዴዎቹን ይዘው ወደ ልጃቸው ጦር ሰፈር ሄዱ። ጄኔራሉ ነገሩን ሲያውቁ ተቆጡ፤ ነጋዴዎቹን መለሱ፤ ትእዛዙም በዚያው ሰሞን ወጣ። የገዛ አባትን መቆጣት ስለማይቻል ቁጣው ወደ ወገኑ ሁሉ ዞረ የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ከኬንተኪ ፓዱካ ከተማ ከተባረሩት አንዱ ሴዛር ካስኬል በእንፋሎት ጀልባ በኦሃዮ ወንዝ ሽቅብ ወደ ሲንሲናቲ መጣ፤ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ተጓዘ። የሲንሲናቲው የኮንግረስ አባል ጆን ገርሊ አብረውት ሆነው ጥር 3 ቀን 1863 ማታ ከፕሬዚዳንት ሊንከን ዘንድ አስገቡት። የባሪያዎች ነጻነት አዋጅ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ሊንከን ትእዛዙን አሻሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ረቢ ዋይዝና ሌሎች ከሲንሲናቲና ከሉዊቪል ሄደው ሲያመሰግኗቸው፣ በጥቂት ኃጢአተኞች ምክንያት አንድ ወገን በሙሉ ሲወገዝ መስማት እንደማይወዱ ነገሯቸው። ግራንት በኋላ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አይሁድን ለሹመት አቅርበዋል፤ በ1876 በዋሽንግተን በአንድ ምኩራብ ምረቃ ላይም ተገኝተዋል።

የሕግ አዋቂው ወንድማችን ሕጉ ለአይሁድ ቆሟል ያሉት ትክክል ነው። ካስኬል ግን ከቤታቸው ተባረው ከወጡት ሰዎች አንዱ ሆኖ ሕጉን ፍለጋ እስከ ዋሽንግተን መሄድ ነበረበት፤ መንገዱን የማያውቅ፣ ቋንቋው ያልተፈታለት ዟሪ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ማን ያስገባው ነበር?

የከዚራ መምህር (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዱቤ መዝገቡን ጉዳይ ትናንት በክፍል ሳቀርበው ጥያቄውን ያነሣው ልጅ «ታዲያ ለምን ስለራሳቸው የተጻፈውን እንዲያዩ አልጠየቁም?» አለ፤ ይህም ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ ማኅበረሰቡ ለዚህ ሁሉ የሰጠው ምላሽ ምን ነበር? ሁለተኛው ከአንዲት ተማሪ የመጣ ነው፤ በአገራችን በቤተ እስራኤል ላይ ይደረግ ከነበረው ጋር አንድ ነው ወይ ስትል ጠይቃለች። እኔ አንድ አይደለም ብያታለሁ፤ በቂ ምክንያት መስጠቴን ግን እጠራጠራለሁ።

የጀጎል አንባቢ (ሐረር)

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ፈጥኖ የሚያልቅ ስለሆነ። ቤተ እስራኤል ስደተኞች አልነበሩም። የአገሩ ሰዎች ሆነው ሳለ በአብዛኛው ርስት ተነፍገው በብረት ቀጥቃጭነት፣ በሸክላና በሽመና የኖሩ ናቸው፤ ጥላቻውም የተጠጋው በእጅ ሥራቸው ላይ ሆኖ በቡዳነት ሐሜት ይገለጥ ነበር። የሲንሲናቲው ሰው ደግሞ መጤ ነጋዴ ነው፤ የተጠላውም በንግዱና በፈጣን ዕድገቱ ነው። የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር ሥራው ራሱ የሰውየው ጠባይ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። ተማሪዋ ይህን ልዩነት ይዛ ብትጽፍበት ጥሩ ድርሰት ይወጣታል።

ወደ ምላሹ ስንመጣ ነገሩ ሰፊ ነው። የሲንሲናቲ አይሁድ በ1850 ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የአይሁድ ሆስፒታል ነው። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ በ1849 ኮሌራ ከተማዋን ፈጅቷት ነበር፤ በሌሎች ሆስፒታሎች ደግሞ በሞት አልጋ ላይ ያለውን አይሁዳዊ ለማጥመቅ የሚሞክሩ ሰባኪዎች ስለነበሩ ሰው በሰላም ለመሞት እንኳ ፈራ። ይህን ስታነቡ በ1821 የተገዛውን የመቃብር መሬት አስታውሱ። ቤንጃሚን ሊብ የተባለ ሰው ክርስቲያን ሴት አግብቶ ማንነቱን ሳይገልጥ ኖሮ፣ ሊሞት ሲል ጥቂቶቹን አይሁድ አስጠርቶ እንደ አይሁዳዊ እንዲቀብሩት ለመናቸው፤ የማኅበሩ የመጀመሪያ ንብረት የሆነው ያ ቁራሽ መሬት የተገዛው ለእርሱ ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ ማንነቱን እንዲደብቅ ማንም በሕግ አላስገደደውም፤ ጆናስን ዞር ዞር እያደረገ የሚያይ ዓይን ባለበት ከተማ ግን መደበቁ አያስገርምም።

ከሆስፒታሉ ሌላ ልጆቻቸው ዕብራይስጥም የዓለሙን ትምህርትም የሚማሩበት ትምህርት ቤት በ1849 ከፍተዋል፤ ዋይዝ በ1854 በእንግሊዝኛ፣ በ1855 በጀርመንኛ ጋዜጣ ጀምሯል፤ በ1873 የምኩራቦች ኅብረት፣ በ1875 ደግሞ ረቢዎችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ በዚያችው ከተማ ተመሥርቷል። በ1866 የተመረቀው የፕላም ጎዳና ምኩራብ ዛሬም ቆሟል፤ ማማዎቹ እንደ መስጊድ ሚናሬት የተሠሩ ናቸውና ሐረሪ ቢያየው ቆም ብሎ ይመለከተዋል። ሊደበቅ የሚፈልግ ሰው የሚሠራው ሕንጻ እንዳልሆነ በፎቶግራፉ ብቻ ይታያል።

የሕግ አዋቂው ወዳጃችን ልኩን እንናገር ማለታቸውን እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ ጊዜውን እንለይ። በ1836 አይሁድ ጥቂት ስለሆኑ እንግዳ ነገር ነበሩ፤ የሚያዋጣላቸው ክርስቲያን የሚሰጋው ነገር አልነበረም። በ1870ዎቹ ልጆቻቸው በክለብ፣ በበጋ መዝናኛና በሰፈር ከአሮጌው ባለጸጋ ጎን መቀመጥ ሲጀምሩ ነው በሩ የተዘጋው። በ1877 በኒው ዮርኳ ሳራቶጋ በጦርነቱ ጊዜ የመንግሥትን ቦንድ በአውሮፓ የሸጠውን ባለባንክ ጆሴፍ ሴሊግማንን አንድ ታላቅ ሆቴል አይሁዳዊ ስለሆነ ብቻ አላስተናግድም አለው። ዱቤ ከልካዩ «ገንዘብ የለውም፣ ይጠፋል» ይል ነበር፤ ሆቴሉ ግን ገንዘብ ያለውን ነው የመለሰው። ተማሪዎ «ከበሩ» ሲል የበደሉ ማብቂያ አድርጎ ያሰበው በእውነቱ የሌላ በደል መጀመሪያ ነበር።

አንድ ጥቁር ነጥብም አለ፤ አልደብቀውም። በ1881 የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ አሌክሳንደር ከተገደሉ በኋላ በዚያ አገር አይሁድ ላይ ግፍ ሲበዛ ይዲሽ የተባለውን የአይሁድ ቋንቋ የሚናገሩት ስደተኞች መምጣት ጀመሩ። የቀድሞዎቹ ጀርመናውያን አይሁድ በዚህ ጊዜ በኮረብታዎቹ ላይ ወደሚገኙት ሰፈሮች እየወጡ ነበር፤ አዲሶቹ በወንዙ አቅራቢያ ባለው አሮጌ ሰፈር ተከማቹ። ነባሮቹ ረዷቸው፤ ግን አፈሩባቸውም፤ ጢማቸው፣ ቋንቋቸውና የጸሎታቸው ድምፅ በስንት ድካም ያገኘነውን ክብር ያሳጣናል ብለው ፈሩ። ሐምሌ 11 ቀን 1883 ኮሌጁ የመጀመሪያዎቹን አራት ረቢዎች ሲያስመርቅ በተዘጋጀው ግብዣ ላይ በአይሁድ የምግብ ሕግ የተከለከሉት ሽሪምፕ፣ ክራብና የእንቁራሪት እግር ቀረቡ፤ ሕጉን የሚጠብቁት ተቆጥተው ወጡ። የሚገርመው በዚያ የአሳማ ከተማ በተደረገው ድግስ ሳይቀርብ የቀረው የአሳማ ሥጋ መሆኑ ነው።

ለክፍልዎ የምመክረው ተማሪዎቹ የአንድ ምናባዊ የሲንሲናቲ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ገጽ ራሳቸው እንዲጽፉ ነው። ግማሾቹ ስሙንና ሃይማኖቱን እያወቁ፣ ግማሾቹ ዕቃውን፣ ዕዳውንና የከፈለበትን ቀን ብቻ እያዩ ይጻፉ፤ ከዚያ ሁለቱን ገጾች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይለጥፏቸው።